የዋሽንግተን ቤዝቦል ሠንጠረዥ፦ ድምሩ በመጨረሻ ገጠመ

በሠንጠረዡ የመቺው የሃርመን ኪልብሩ የሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ መምታት) ረድፎች ድምር ገጥሟል፦ 84፣ 475፣ 14፤ ድምር 573። ለማያውቀው ሰው ተራ ቁጥር ነው። የዋሽንግተንን የቤዝቦል ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማጥናት ለተነሳ ግን ይህ ድምር ገጠመ ማለት ከባዱ ዳገት አለፈ ማለት ነው። እስካሁን የተደረሰበትን፣ በተለይም ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚተወውን ክፍል፣ በዚሁ ጉዳይ ለምትደክሙ ሁሉ ላካፍል። ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያው ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይታለፍ። ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን በየተራ የሚመታበት ዙር)፣ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ለየቡድኑ ሦስት አውት (የተጫዋች ከተራው መውጣት)፣ አራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ የተወረወረ ኳስ) ያገኘ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠው ጣቢያ)፣ ሦስት ስትራይክ (የሳተው ወይም ያሳለፈው ጥሩ ኳስ) የተቆጠረበት አውት። የሜዳ ቁጥሮቹን ግን በቃል መያዝ ግድ ነው፦ 1 ፒቸር (ወርዋሪ)፣ 2 ካቸር (ከመቺው ኋላ የሚቀልብ)፣ 3 አንደኛ ቤዝ፣ 4 ሁለተኛ ቤዝ፣ 5 ሦስተኛ ቤዝ፣ 6 ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም)፣ 7 ግራ ሜዳ፣ 8 መሐል ሜዳ፣ 9 ቀኝ ሜዳ። የድሮ የጨዋታ መዝገብ ሁሉ የሚነበበው በእነዚህ ነው። የአሁኑን የዋሽንግተን ክለብ የናሽናልስን ጥቂት ጨዋታ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መከታተል ለዚህ ይበቃል።

እግር የሚይዘው ሌላ ቦታ ነው። «ዋሽንግተን» በሚለው ስም ሥር የተጫወተው አንድ ክለብ አይደለም። የመጀመሪያው በ1901 ከአሜሪካን ሊግ ጋር አብሮ የተመሠረተው ነው፤ ሕዝቡ ሴናተርስ ይለዋል። ዋልተር ጆንሰን ከ1907 እስከ 1927 የወረወረው፣ 417 ጨዋታ ያሸነፈውና 110 ጊዜ ተጋጣሚውን ያለ ነጥብ የመለሰው እዚህ ነው። ይህ ክለብ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኔሶታ ሄዶ ትዊንስ ሆነ። ወዲያው በ1961 ሁለተኛ ሴናተርስ ተተካ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በየዓመቱ 100 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ ተሸነፈ፤ በ1969 በአሠልጣኙ በቴድ ዊልያምስ ዘመን 86 አሸንፎ ቀና አለ፤ ከ1971 በኋላ ደግሞ ወደ ቴክሳስ ሄዶ ሬንጀርስ ተባለ። ከዚያ ከተማዋ 33 የውድድር ዘመን ያለ ክለብ ቆየች። በ2005 የመጣው የአሁኑ ናሽናልስ የሁለቱም ልጅ አይደለም። እሱ በ1969 በሞንትሪያል የተመሠረተው ኤክስፖስ ነው፤ ከተማና ስም ለውጦ መጣ።

ስሙ ራሱ ግራ ያጋባል። የመጀመሪያው ክለብ ከ1905 ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በይፋ የሚጠራው ናሽናልስ ተብሎ ነበር። በ1924 ጋዜጣ ላይ «ናሽናልስ አሸነፈ» የሚል ርዕስ ያየ ሰው ከዛሬው ቡድን ጋር ቢያገናኘው አይፈረድበትም። ስለዚህ በስም አትመኑ፤ ሊጉን እዩ። ከ1901 እስከ 1971 ዋሽንግተን የተጫወተችው በአሜሪካን ሊግ ነው፤ ከ2005 ወዲህ በናሽናል ሊግ። ዓመቱ 19 ብሎ ከጀመረና ከተማው ዋሽንግተን ከሆነ፣ የአሁኑ ክለብ ታሪክ አይደለም ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በናሽናል ሊግ የተጫወቱ የዋሽንግተን ቡድኖችም ነበሩ፤ የመጨረሻው ከ1899 በኋላ ስለፈረሰ ከማንም ጋር አይያያዝም፣ ለብቻው ይቀመጥ።

ሠንጠረዡ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰባት ዓምድ ይበቃል፦ ተጫዋች፣ ከዓመት እስከ ዓመት፣ ሊግ፣ ከተማ፣ የዘመኑ ስም፣ የዛሬ ክለብ፣ ቁጥር። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ረድፍ የሚይዘው አንድን ተጫዋች፣ በአንድ ክለብ፣ በአንድ ከተማ ነው። ክለቡ ሳይለወጥ ከተማው ከተለወጠ አዲስ ረድፍ ይከፈታል። በመጨረሻ የተጫዋቹ ረድፎች ሁሉ ሲደመሩ ከሙሉ የሥራ ዘመኑ ቁጥር ጋር እኩል መምጣት አለባቸው።

ኪልብሩ ጥሩ መፈተኛ የሆነው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን እያለ 84 ሆም ራን መታ፤ ክለቡ ሚኔሶታ ከገባ በኋላ 475፤ በመጨረሻ ካንሳስ ሲቲ 14። ብዙ ዝርዝር ግን «ትዊንስ 559» ብሎ የዋሽንግተኑን ከሚኔሶታው ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል። ያንን 559 ገልብጦ፣ ከጎኑ «ዋሽንግተን 84» የጻፈ ሰው ከካንሳስ ሲቲው 14 ጋር ድምሩ 657 ይመጣበታል። ትርፉ ልክ 84 ነው። ድምር በትርፍ ሲመጣ ትርፉ ከአንዱ ረድፍ ጋር እኩል መሆኑን ቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ከሆነ ስህተቱ መደጋገም ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። ድምሩ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለለ አጭር ቆይታ አለ። በሌላው ሆም ራን መቺ በፍራንክ ሃዋርድ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ሎስ አንጀለስ 123፣ ዋሽንግተን 237፣ ቴክሳስ 9፣ ዲትሮይት 13፤ ድምር 382። የቴክሳሷ 9 ከክለቡ ጋር አብሮ በሄደበት በ1972 የተመታች ናት፤ እሷን የሚረሳ ብዙ ነው።

ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ይያዙ። ሚኪ ቨርነን በመጀመሪያው ሴናተርስ በ1946 እና በ1953 የሊጉ ምርጥ መቺ ሆኗል፤ በ1961 ደግሞ የሁለተኛው ሴናተርስ የመጀመሪያ አሠልጣኝ እሱ ነበር። ካሚሎ ፓስኳል ለመጀመሪያው ወርውሮ፣ ከክለቡ ጋር ሚኔሶታ ሄዶ፣ ኋላ ተመልሶ ለሁለተኛው ወርውሯል። ሁለቱ ክለቦች «ዋሽንግተን» ተብለው በአንድ ረድፍ ከተጻፉ የዛሬ ክለብ የሚለው ዓምድ ይበላሻል።

ናሽናልስ ፓርክ የሄደ ሰው የዋልተር ጆንሰንን፣ የሆምስቴድ ግሬይሱን የጆሽ ጊብሰንንና የፍራንክ ሃዋርድን ሐውልት ያያል። ከሦስቱ አንዳቸውም ለዚህ ክለብ አልተጫወቱም፤ የከተማዋ ናቸው። በተቃራኒው የክለቡ ሐረግ የሆኑት ጌሪ ካርተር፣ አንድሬ ዳውሰንና ቲም ሬንስ የኤክስፖስን ኮፍያ ለብሰው የታዋቂዎች አዳራሽ ገብተዋል፤ በሞንትሪያል ለክብር የተሰቀሉት 8፣ 10 እና 30 ቁጥሮች ግን ዋሽንግተን ሲደርሱ ወርደው ለሌላ ተጫዋች ተሰጥተዋል። ክለቡ ራሱ ሐውልቱን በከተማ፣ የሪከርድ መጽሐፉን በክለብ ነው የሚቆጥረው። ሁለቱንም ሚዛን ካልያዛችሁ ይህ መቼም አይገባችሁም።

በ2019 የተባለውን እዩ። «ዋሽንግተን ከ95 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነች» እና «ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ»። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ የከተማ ዓምድ ነው፣ ሌላው የክለብ። ኖ ሂተርም (ተጋጣሚው አንድም ኳስ መትቶ ቤዝ ያልያዘበት ጨዋታ) እንዲሁ ነው። ጆርዳን ዚመርማን በመስከረም 28 ቀን 2014 የወረወረው ለከተማዋ ከ1931 ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ በክለቡ ሐረግ ግን ዴኒስ ማርቲኔዝ በ1991 ፍጹም ጨዋታ (አንድም ተጋጣሚ በምንም መንገድ ቤዝ ያልደረሰበት) ወርውሯል። በሆም ራን ራያን ዚመርማን በ284 የክለቡ አንደኛ ነው፣ ሞንትሪያል የነበረው ቭላዲሚር ጌሬሮ በ234 ይከተለዋል። የዋሽንግተንን ብቻ ካላችሁ ጌሬሮ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ሁለቱን ሻምፒዮናዎች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከሁሉ በላይ ያስተምራል። ጥቅምት 10 ቀን 1924፣ የወርልድ ሲሪስ (ሻምፒዮኑ የሚለይበት ተከታታይ ግጥሚያ) ሰባተኛው ጨዋታ፣ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር 3 ለ 3፣ 12ኛ ኢኒንግ። ጆንሰን ከዘጠነኛው ጀምሮ ገብቶ አራት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ዘግቷል። አንድ አውት ሆኖ የዋሽንግተኑ መዲ ሩል ኳሷን ወደ ላይ አነሳት፤ የጃያንትሱ ካቸር ሃንክ ጋውዲ ሊቀልባት ሲሄድ በራሱ ጭምብል ተደናቅፎ አመለጠችው። ሳጥኑ ውስጥ «ስህተት 2» ይጻፋል፤ ሩል ግን ገና መቺ ነው፣ ቤዝ አልያዘም። ቀጥሎ ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ መታ። ጆንሰን መታ፣ ሾርትስቶፑ አበላሸ፤ «ስህተት 6»። ከዚያ ኧርል ማክኒሊ መሬት ለመሬት ወደ 5 ላካት፤ ኳሷ ነጥራ ከ18 ዓመቱ ፍሬዲ ሊንድስትሮም ራስ በላይ አለፈች፣ ጠጠር ነክታ ነው ይባላል። ሩል ገባ፤ 4 ለ 3። ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ወረቀቱ የሚያሳየው ግን ከኳሷ ንጥረት በፊት ሁለት ስህተት መኖሩን ነው።

ጥቅምት 30 ቀን 2019፣ ሂዩስተን፣ እንደገና ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሰባተኛ ኢኒንግ፣ ናሽናልስ 2 ለ 0 እየተመራ። አንድ አውት። አንተኒ ሬንዶን ሆም ራን፤ 2 ለ 1። ህዋን ሶቶ በአራት ቦል አንደኛ ቤዝ ያዘ። እዚህ ላይ የሂዩስተኑ ፒቸር ዛክ ግሬንኪ ወጥቶ ዊል ሃሪስ ገባ፤ በወረቀቱ ላይ በሶቶና በቀጣዩ መቺ መካከል ወፍራም መስመር የሚሰመረው ለዚህ ነው። ያ መስመር ካልተሰመረ ሶቶ ያገባው ነጥብ በስህተት ሃሪስ ላይ ይጻፋል፤ ቤዝ ላይ ጥሎት የወጣው ግሬንኪ ስለሆነ የሚቆጠረው በግሬንኪ ነው። ሃዊ ኬንድሪክ የሃሪስን ኳስ የቀኝ ሜዳ ድንበር ምሰሶ ላይ ለጠፋት፤ 3 ለ 2። ጨዋታው 6 ለ 2 አለቀ፤ ድሉ የተመዘገበው ሦስት ኢኒንግ ለዘጋው ለፓትሪክ ኮርቢን ነው። በዚያ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳ ቡድን መሆኑን የጨዋታዎቹን ቦታ በዝርዝር ስታዩ ታገኙታላችሁ። ያው ቡድን ግንቦት ላይ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር።

ስለ ዘዴ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በቪዲዮ ቅንጫቢ ታሪክ አይጠናም። ቅንጫቢው ኬንድሪክን ያሳያል፣ የሶቶን አራት ቦል ይቆርጣል። ቀድሞ የጨዋታው መዝገብ ይነበብ፣ ቪዲዮው ኋላ ይታይ። «የምንጊዜም ምርጥ 10» የሚሉ ዝርዝሮችንም መነሻ አታድርጉ፤ በከተማ ይሁን በክለብ እንደቆጠሩ የሚናገሩት ጥቂቶቹ ናቸው። የከዋክብቱን ሕይወት ማንበብ ግን አልቃወምም፤ የናሽናልሱ ፒቸር የማክስ ሸርዘር በአንድ ጨዋታ 20 ስትራይክአውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት)፣ በግንቦት 11 ቀን 2016፣ ለሠንጠረዥ አንድ ሳጥን ነው፣ ለልብ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። የሁለተኛው ሴናተርስ የመጨረሻ ጨዋታ፣ መስከረም 30 ቀን 1971፣ ውጤቱ በሁለት መልክ ይገኛል። ዋሽንግተን ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ፣ በዘጠነኛው ሁለት አውት ሆኖ፣ የተቆጣው ተመልካች ሜዳ ገብቶ ጨዋታው ተቋረጠ፤ በፎርፌ 9 ለ 0 ለያንኪስ ተሰጠ። የቡድን ዓምድ ላይ 9 ለ 0 ይጻፋል፤ የተጫዋቾች ቁጥር ግን ይቆጠራል፣ የሃዋርድ የመጨረሻ የዋሽንግተን ሆም ራንም እዚያው ነው። ድልም ሽንፈትም የሚመዘገብለት ፒቸር የለም፤ ሳጥኑ ባዶ ይተው፣ ሊሞላ አይሞከር።

ዲሲ ላላችሁ አንድ ነገር፦ የመጀመሪያው ክለብ የተጫወተበት ግሪፊዝ ስታዲየም የነበረው ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለበት ነው። ከ9ኛና ዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። ቦታውን አይቶ የ1924ቱን ወረቀት ማንበብ ይለያል።

ከ1934 እስከ 1960 ያለው ገጽ አሁንም ስስ ነው፤ ጆ ክሮኒን ለቦስተን ከተሸጠ በኋላ ክለቡ ብዙ ጊዜ ከታች ነበር፣ እሱን ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉ ያልተፈታው የሆምስቴድ ግሬይስ ጉዳይ ነው። በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የኔግሮ ሊጎችን (በዘር መድልዎ ዘመን ጥቁሮች የተጫወቱባቸው ሊጎች) ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈው ይህ ቡድን ቤቱ ሁለት ነበር፤ ፒትስበርግና ግሪፊዝ ስታዲየም። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2024 የኔግሮ ሊጎችን ቁጥር ከራሱ ጋር ሲያዋህድ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 የመምታት አማካይ የቀድሞውን አንደኛ ታይ ኮብን ቀድሞ አንደኛ ሆኗል። ሕጋችን «አንድ ክለብ፣ አንድ ከተማ» ስለሚል ግን የእሱ ረድፍ አይገባም። ለጊዜው የከተማ ሳጥኑ ላይ ሁለቱም ስም ተጽፎ፣ በከተማ ድምር ውስጥ አልተካተተም። የግሬይስን የግሪፊዝ ስታዲየም ጨዋታዎች ከድሮ ጋዜጣ እየለቀመ የሚያሰባስብ ካለ፣ ቀን፣ ተጋጣሚና የጊብሰን የዚያ ጨዋታ ቁጥሮች ብቻ ይበቁናል፤ ያካፍለን።