ፕሮላክቲኔ ለምን ከፍ እንዳለ ፋርማሲስቷ ነገረችኝ

የወር አበባዬ ሲቀር የጠረጠርኩት እርግዝና ነበር። ምርመራው ኔጌቲቭ ሆነ። ቀጥሎ ጡቴ ሲነካ ወተት የመሰለ ፈሳሽ መውጣት ጀመረ። ወልጄም አጥብቼም አላውቅም። ደም ሰጠሁ፤ ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲኔ፣ 96 ሆኖ መጣ። ወረቀቱ ላይ ላላረገዘች ሴት ጣሪያው 25 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው ይላል።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልል። ዛሬም ሳስበው የሚያናድደኝ የቀጠለው ነው።

ሐኪሙ ውጤቱን አየና ቀና ሳይል «ፒቱታሪ ላይ ዕባጭ ሊኖር ይችላል» አለኝ፤ ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች ፕሮላክቲን የምታመነጭ ዕጢ ናት። የጭንቅላት ኤምአርአይ አዘዘ፤ ብሮሞክሪፕቲንም ጻፈ። ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ አላለኝም። ታይሮይድሽ ታይቷል ወይ አላለኝም። ማዘዣውን ይዤ ሳልወጣ ተረኛው ታካሚ ገብቷል። እናቴ ስታለቅስ አደረች። ለኤምአርአዩ ብር ከዘመድ መለመን ጀመርን። አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!

የጠየቀችኝ ፋርማሲስቷ ናት። ብር ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት የፕላሲል እሽግ አየች። «ይሄን የምትወስጂው አንቺ ነሽ?» አለች። አዎ። ለጨጓራና ለማቅለሽለሽ ሌላ ክሊኒክ ሰጥቶኝ፣ «ቀጥይበት» እየተባልኩ ወራት አልፈዋል። ሁለቱን መድኃኒቶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ፕሮላክቲን እንዳይበዛ የሚይዘው ዶፓሚን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ነው አለችኝ። ፕላሲል ዶፓሚንን ያግዳል፤ ብሮሞክሪፕቲን ደግሞ የዶፓሚንን ሥራ ይሠራል። «አንዱ ከፍ ሲያደርገው ሌላው ሊያወርደው ነው። ሳትጀምሪው ሐኪም አናግሪ» አለች።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ፕላሲሉን አስቆመችኝ፤ ታይሮይዴንና ኩላሊቴን አየች፤ ደሙም ተደገመ። ወርዷል። የወር አበባዬም ተመለሰ። ኤምአርአይ አላስፈለገኝም።

እህቶቼ፣ የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። ባይጠይቃችሁም ዘርግፉት። ፕላሲል ብቻ አይደለም፤ እንደ ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓም ፕሮላክቲንን ይጨምራሉ። የአእምሮ መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ያዘዘላችሁን ሐኪም አናግሩ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ፕሮላክቲንን ይጨምራል። ጭንቀትና የመርፌው ድንጋጤ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። የኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪሞች መመሪያ ደሙ በአግባቡ ከተቀዳ አንድ ምርመራ ይበቃል ይላል። እኔ ግን ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ አረፍ ብላችሁ አስደግሙት እላለሁ።

ኤምአርአይ አታድርጉ ማለቴ አይደለም። ራስ ምታት ካለ፣ የጎን እይታ ከቀነሰ፣ ወይም ያለ መድኃኒት ቁጥሩ ከ200 ካለፈ ዕባጩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገ ዛሬ አትበሉ። ያም ቢሆን አብዛኛው ካበርጎሊን በሚባል ኪኒን ይሟሽሻል፤ ቀዶ ጥገና ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ይህንንም ያ ሐኪም አልነገረኝም።