መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው ስም ታማሚውን ያሳስታል። የአክስቴ ልጅ በ2005 ዓ.ም. ይህ በሽታ እንዳለባት ሲነገራት፣ ለቶንሲልና ለጉንፋን ስትውጣቸው የኖረቻቸው ክኒኖች ጉድ የሠሯት መሰላት፤ ዛሬም ቢሆን «ሰውነቴ መድኃኒት ለምዶ ነው» ማለቷን አልተወችም። የለመደው ግን ሰውነቷ ሳይሆን ሳምባዋ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ነው። ይህን መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በዕድሜው አንድም የቲቢ ክኒን ያልቀመሰ ሰው እንኳ የተላመደውን ባክቴሪያ ከሌላ ሰው ሳል በአየር ሊወስደው ስለሚችል፣ ታማሚውን «መድኃኒትህን አቋርጠህ ይሆናል» ብሎ መውቀስ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ መውቀስ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ ሕክምናው ሃያ ወር ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት በእፍኝ ከሚዋጠው ክኒን በተጨማሪ መርፌ ነበረው። መቀመጫዋ ከመደንደኑ የተነሣ ነርሷ መርፌውን የምትወጋበት ለስላሳ ቦታ በጣቷ እየዳበሰች ትፈልግ ነበር። በአራተኛው ወር ላይ ጆሮዋ ይጮኽባት ጀመር፤ ቀጥሎ የስልኳ ጥሪ ጠፋባት። እኛም ስንደውል ስላላነሳች ኮርታብን መስሎን ተቀየምናት። ካናማይሲንን የመሳሰሉት እነዚህ መርፌዎች በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት የሚገድሉ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ በመሆኑ የሰው ንግግር እየተሰማት ጥሪው ላይሰማት እንደሚችል ያወቅነው ዘግይተን ነው። የታከመችበት ሆስፒታል በየጊዜው የመስማት ምርመራ አላደረገላትም ነበር፤ የሞቱት ሕዋሳት ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም።

ሕክምናው ለምን ይህን ያህል ከባድ ሆነ የሚለውን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። በቲቢ የተቦረቦረ አንድ የሳምባ ክፍል 100 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከ1 ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ያህል አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት፣ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ያህል ደግሞ ሪፋምፒሲን የተባለውን መቋቋም የሚችል ሆኖ ይፈጠራል፤ ይህም መድኃኒቱን ገና ሳያየው፣ በሚራባበት ጊዜ በሚፈጠር የዘረመል ቅጂ ስሕተት ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱን መድኃኒት ለብቻው ብንሰጥ ብዙዎቹ ይሞቱና ጥቂቶቹ እየተባዙ ቦታውን ይወርሱታል። ሁለቱን አንድ ላይ ስንሰጥ ግን ሁለቱንም የሚቋቋም አንድ ባክቴሪያ እንዲገኝ 100 ትሪሊዮን ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ያን ያህል የሚይዝ ሳምባ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ሁለቱ ዋና ዋና መድኃኒቶች፣ ማለትም አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን፣ ሁለቱም አልሠራ ሲሉ ነው በሽታው ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ የሚባለው።

ይህ ትምህርት የተገኘው በሰው ሕይወት ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት 55 የቲቢ ታማሚዎች ስትሬፕቶማይሲን የተባለ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጣቸው፣ 52ቱ በዘመኑ ልማድ አልጋ ላይ እንዲያርፉ ብቻ ተደረገ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መድኃኒቱ ተአምር ይባል ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 32ቱ፣ ካልወሰዱት 35ቱ ሞተው ተገኙ። ባክቴሪያው ብቻውን የመጣበትን መድኃኒት ተላምዶት ነበር። እኔ ስለ አዲስ መድኃኒት የምሥራች በሰማሁ ቁጥር እነዚህ የአምስት ዓመቱ ቁጥሮች ትዝ ይሉኛል።

የሃያ ወሩን ሕክምና ለማሳጠር ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ስትሪም የተባለው ሲሆን፣ አዲስ አበባ የሚገኙት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተሳትፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የመጀመሪያ ዙር ውጤት በዘጠኝ ወሩ ሕክምና 78.8 ከመቶ፣ በረጅሙ ደግሞ 79.8 ከመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። በአጭሩ አነጋገር ተጨማሪዎቹ አሥራ አንድ ወራት ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበራቸውም። ሆኖም አጭሩ ሕክምናም መርፌውን አልተወም ነበር። መርፌውን ያስቀረው ሁለተኛው ዙር ነው፤ ቤዳኩዊሊን የተባለውን ክኒን ያካተተው ሕክምና 83 ከመቶ ጥሩ ውጤት ሲያስገኝ፣ ባለመርፌው 71 ከመቶ ላይ ቀርቷል።

ቤዳኩዊሊን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ሲሆን፣ ባክቴሪያው ኃይል የሚያመነጭበትን ክፍል ይዘጋል። በደቡብ አፍሪካ በ109 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ፕሪቶማኒድና ሊንዞሊድ ከተባሉ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ለስድስት ወር ሲሰጥ 90 ከመቶ ጥሩ ውጤት ተገኝቷል። ይሁን እንጂ 81 ከመቶ የሚሆኑት እግርና እጃቸውን የማቃጠልና የማደንዘዝ ስሜት ስለተሰማቸው፣ በኋላ በተደረገ ጥናት የሊንዞሊድ መጠን ከ1200 ወደ 600 ሚሊ ግራም ዝቅ ብሎ ተሞክሮ ጉዳቱ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 በእነዚህ ሦስቱ ላይ ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለ አራተኛ መድኃኒት የተጨመረበትን የስድስት ወር ሕክምና መክሯል። የቤዳኩዊሊን ክኒን ርካሽ እንዲሆን የታገሉት ደግሞ መርፌው መስማት ያሳጣቸው ሁለት ሴቶች፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉሜዛ ቲሲሌና ሕንዳዊቷ ናንዲታ ቬንካቴሳን ናቸው፤ አምራቹ ድርጅት የባለቤትነት መብቱን ለማራዘም ያቀረበውን ጥያቄ ተቃውመው አቤት በማለታቸው ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ውድቅ አድርጋዋለች።

የሚያሳስበኝ አንድ የቤዳኩዊሊን ጠባይ ነው። ይህ መድኃኒት ከሰውነት ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል። ታማሚው ክኒኖቹን ሁሉ በአንድ ቀን ቢያቋርጥ ሌሎቹ በቀናት ውስጥ ሲጠፉ ቤዳኩዊሊን በደሙ ውስጥ ብቻውን ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ከ1948ቱ ስትሬፕቶማይሲን ጋር አንድ ዓይነት ሁኔታ ነው። ይህን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከአሁኑ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። በየሆስፒታላችን አክታ ተቀብሎ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት የሚሰጠው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ የሪፋምፒሲንን መላመድ እንጂ የቤዳኩዊሊንን አያሳይም።

ይህን ስጽፍ የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምንግባባው በጽሑፍ ስለሆነ ስልኬን አቀበልኳት። «አሁን መርፌው ስንት ወር ነው?» አለችኝ። «የለም» ብዬ ጻፍኩላት። «ክኒኑስ?» አለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ሰባት፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን አምስት አምስት፣ በቀሩት ቀናት ሦስት ሦስት መሆኑን ጻፍኩ። በጣቷ ቆጠረችና እንደገና አነበበችው፤ ከዚያ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና «መርፌው የለም ያልከውን እንደገና ጻፈው» አለችኝ።