ጠጋ ጠጋ በሉ

ዛሬ ዝም ብሎ ደበረኝ። ሰበብ ካስፈለገ ባጃጁ ነው። ከፔዳ ግቢ ወደ ጣና ሐይቅ ስመጣ ሾፌሩ ከኋላ አራተኛ ሰው ሊያስገባ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። አጠገቤ ያሉት እናት ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘው «ወዴት ልጄ? ወደ ውሃው?» አሉት። ንቅንቅ አላሉም።

በእኛ በፊዚክስ ሰዎች ቋንቋ ፌርሚዮን (ቁስ የሚሠራበት የቅንጣት ዓይነት) ማለት እሳቸው ናቸው። ኤሌክትሮን ብትል ኳርክ (ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚሠሩበት ቅንጣት)፣ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አብረው አይቀመጡም፤ ፊዚክሰኛው ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ኤሌክትሮን ያለው ይህንኑ ነው። አሁን እምቦጩን እያየሁ የተቀመጥኩበት ድንጋይ የማያሰምጠኝም በዚህ እምቢተኝነት ነው።

ስካላር መስክ ግን ሌላ ነው። በየነጥቡ አንድ ቁጥር፣ አቅጣጫ የለ ምን የለ። የጣና ሙቀት ስካላር ነው፤ ንፋሱ አይደለም፣ ከየት ወዴት አለው። በመሠረታዊ ቅንጣት ደረጃ እስካሁን የተገኘው ስካላር ሂግስ (ለቅንጣቶች ክብደት የሚሰጠው መስክ ቅንጣት) ብቻ ነው፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2012። የእኛ ሰዎች ግን አያፍሩም። ዩኒቨርሱ ገና ሲጀምር በቅጽበት ለምን ተነፋ? ስካላር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው የዩኒቨርሱ መስፋፋት መፍጠንስ? እሱም ስካላር ሊሆን ይችላል።

እውነት ለመናገር ይመቻል። ርቀቶች እጥፍ ሲሆኑ ተራ ቁስ ስምንት ጊዜ ይሳሳል፤ ስካላሩ ግን በፖቴንሻሉ (በየዋጋው የሚይዘውን ጉልበት በሚያሳየው ኩርባ) ቁልቁለት ቀስ እያለ እስከወረደ ድረስ ብዙም አይሳሳም፣ ግፊቱም ኔጌቲቭ ስለሆነ መስፋፋቱን ያፈጥናል። የቁልቁለቱን ቅርጽ የሚስለው ማን ነው? እኛው! እኔን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። ለፌርሚዮን ያዘኑ ደግሞ የዲራክን መስክ (የፌርሚዮንን መስክ ማለት ነው) ከራሱ ጋር አስተሳስረው የዩኒቨርሱን መስፋፋት የሚያሰላው ፍሪድማን እኩልታ ውስጥ ይከቱትና እሱም ማፍጠን ይችላል ይላሉ። ሌሎቹ ስካላርንና ፌርሚዮንን ዩካዋ በሚባል ትስስር ያገናኛሉ፤ ያኔ ስካላሩ ሲለወጥ የፌርሚዮኑም ክብደት አብሮ ይለወጣል።

እማዬ ትናንት በስልክ «ከስተሃል መሰለኝ፣ ድምፅህ ራሱ ቀጥኗል» ስትለኝ በዩካዋ ላመካኝ አስቤ ነበር። አያዋጣም። የሰው ክብደት አብዛኛው ኳርኮቹን አስሮ ከያዘው ኃይል የሚመጣ ነው፤ ሂግስ የሚያዋጣው ትንሽ ነው። ምሳ አለመብላቴን በየትኛው መስክ ላስረዳት?