«ይሄማ ማን ያጣዋል?»

ጅማ ውስጥ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ሰዎችን እናግዛለን። የቡና ለቀማ ሰሞን ከሂርማታ አንድ በያጅ መጣ። የሠራው የቡና ማድረቂያ አልጋ ነው። ላስቲኩ መሃሉ ላይ በቱቦ ተወጥሮ ወደ ግራና ቀኝ ያዘነብላል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ተፈትቶ የሚገጠም ቦይ አለ። ከላስቲኩ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ቡናው ላይ ከመንጠባጠብ ይልቅ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ይገባል።

አለቃችን ገና አንብቦ ሳይጨርስ «ይሄማ ማን ያጣዋል? ጣሪያ አይደል እንዴ!» አለ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልሠሩትም፣ ጋሼ?» አለ በያጁ።

አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት የሚጠይቀው፣ ነገሩ በሙያው ተራ ዕውቀት ላለው ሰው ግልጽ አለመሆኑን ነው። ያውም ከማመልከቻው በፊት በነበረው ዕውቀት ተመዝኖ። መልሱን ካዩ በኋላማ ሁሉም ሊቅ ነው።

ስለዚህ መልሱን ደብቀን (ሳያመለክት ይፋ ወጥቶ አዲስነቱ እንዳይጠፋም) ችግሩን ብቻ ይዘን ቡና የሚያደርቁ ሰዎች ጋ ሄድን። የተሸፈነ ቡና ጠዋት ለምን ይረጥባል? «ላስቲኩ ተቀዶ ነዋ፣ ወፍራም ግዙ» አሉን። አንዲት እናት ላስቲካቸውን ገልጠው አሳዩን። ከሥሩ ጠብታው ተደርድሯል፤ ቀዳዳ ግን የለም። ሌሊቱን ዝናብም አልጣለም። እሳቸው «ጤዛ ሰርጎ ነው» አሉ። ለካ ውሃው ከራሱ ከቡናው የሚወጣ እርጥበት ነው። በያጁ የደረሰበት ይህንን ነው፤ ማዘንበሉ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1923 እ.ኤ.አ. ኤይበል የተባለ ሰው ያገኘውን የወረቀት ማሽን ፓተንት ያጸናው በዚሁ መንገድ ነበር። ሰውዬው የማሽኑን ወንፊት ይበልጥ አዘነበለ እንጂ ሌላ ጉድ አልሠራም። የችግሩን ምንጭ ግን ከእሱ በፊት ያወቀ አልነበረም።

አለቃችን ለዘብ አለ። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። የቆዩ ሰነዶች ስናገላብጥ ግሪን ሃውስ (አትክልት የሚበቅልበት የላስቲክ ቤት) ገጠመን፤ ጠብታው ወደ ዳር እንዲወርድ ጣሪያን ማዘንበል እዚያ የታወቀ ነገር ነው። ቡና አድራቂ ግሪን ሃውስን ያያል ወይ ብለን ተከራከርን፤ ያያል ከተባለ ማዘንበሉ ለእሱ ግልጽ ነው ማለት ነው። እኔ ያያል ባይ ነኝ። ሁለቱም ላስቲክ፣ ሁለቱም እርጥበት።

«ማንኛውም ያዘነበለ ሽፋን» የሚለውን ክሌም (ማመልከቻው ውስጥ «ይህ ይጠበቅልኝ» የሚባልበትን ዓረፍተ ነገር) አወጣነው። ተፈትቶ የሚገጠመውን ቦይ ይዘን፣ በፓተንት ፋንታ «አነስተኛ ፈጠራ» በሚባለው እንዲያመለክት መከርነው፤ እዚያ አዲስነትና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት መቻሉ ይበቃል። ሰርተፊኬቱ ለ5 ዓመት ነው፤ ለሌላ 5 ይታደሳል።

በያጁ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ክፍያው ስንት ነው?» አለ።