የከዚራው ኦፔራ፦ ውድ ኬክ በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንደቀመስኩ

ድሬዳዋ ላይ ውድ ኬክ መቅመስ የሚፈልግ ሰው ከኬኩ በፊት ሰዓቱን ይምረጥ። እኔ ማለዳውን መረጥኩ። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ከቀትር በኋላ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የገበታ ቅቤ ቅርጹን ይዞ መቆም አይችልም፤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣልና። ስለ ኬኩ ጥራትም ሆነ ስለ ዋጋው የተረዳሁት ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ኬክ ቤቱ ከዚራ ውስጥ ነው፤ ዛፎቹ ጥላ ከሚያጠሉበት፣ የባቡር ኩባንያው ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ከቆረቆረው ሰፈር። አክስቴን ይዤ የሄድኩት ሆን ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ጣፋጭ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ሐልዋና ሙሸበክ ነው፤ እርሷ ደግሞ ሐልዋ ስትገዛ ከየሱቁ ቀምሳ፣ ቅቤውንና ሄሉን መርምራ ነው የምትመርጠው። የማምነውን ምላስ ከጎኔ ማድረግ ፈለግሁ።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን የሚስቡት በነጭ ክሬም ጽጌረዳ ያጌጡት ረጃጅም ኬኮች ነበሩ። እነርሱን አልፌ ከሁሉም አጭሩን አዘዝኩ፤ ቁመቱ ከሁለት ጣት እምብዛም የማይበልጠውን ኦፔራ። ፓሪስ ያለው ዳሎዮ የተባለ ኬክ ቤት እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳወጣው ይነገራል። ቡና የጠጣ ስስ የአልሞንድ ኬክ፣ የቡና ክሬም፣ ቸኮሌት፣ እንደገና ኬክ፣ እንደገና ክሬም፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ቸኮሌት። ጌጥ የለውም፤ ስለዚህ መደበቂያም የለውም።

ጽጌረዳዎቹን ያለፍኩበት ምክንያት አለኝ። በዚህ ሙቀት ሳትጎብጥ የምትውል የክሬም አበባ የምትሠራው ከአትክልት ስብ ነው። እንዲህ ያለው ስብ በአፍ ሙቀት በደንብ ስለማይቀልጥ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ ውኃ ቢጠጡበትም አይለቅም። የሚሠሩትን መንቀፌ አይደለም። ልደት ላይ ጠረጴዛ ላይ ሰዓታት የሚቆም ኬክ የሚፈልግ ያስፈልገዋል፤ የጾም ኬክም ያለ እርሱ አይሆንም። ግን በቅቤ ዋጋ ሲሸጥ ሊከፈልበት አይገባም ብዬ አምናለሁ። ለመለየት ቀላል ነው፦ አንድ ጉርሻ ከዋጡ በኋላ ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ያሳርፉ። ንጹሕ ከሆነ ቅቤ ነው፤ የሰም ሽፋን የመሰለ ነገር ከቀረ አይደለም።

ቁራጩ ሲመጣ ወዲያው አልነካሁትም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ኬክ ቅቤው ደርቆ ሽታውን ይይዛል፤ ቅዝቃዜውም የምላስን ጣዕም ያደነዝዛል። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ድሬዳዋ እዚህ ላይ ታግዛለች፤ ሌላ ቦታ ግማሽ ሰዓት የሚጠይቀው እዚህ ቶሎ ይደርሳል፤ ብዙ ከዘገዩ ግን ክሬሙ በጎን መፍሰስ ይጀምራል። የላይኛው ቸኮሌት ላይ ያለው ብልጭታ ሲደበዝዝና ጥቃቅን የውኃ ነጠብጣብ ሲታይበት ሹካዬን አነሳሁ።

መጀመሪያ ድርቦቹን ለየብቻ ቀመስኩ፤ ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቆርጬ። ለየብቻ ሲሆኑ ቸኮሌቱ መራራ፣ ክሬሙ ለስላሳ፣ ኬኩ ደግሞ ርጥብ ብቻ ነው። አንድ ላይ ሲገቡ ግን ቸኮሌቱ በጥርስ ሥር ቀጭን ስብራት ይሰጥና ወዲያው ይሟሟል፤ ከዚያ ቡናው ይመጣል። ያ ቡና አስገረመኝ። ከቅመም ይልቅ የበሰለ ፍሬ ሽታ ነበረው። ኬኩን የሠራችውን ወጣት ጠርቼ፣

«እኅቴ፣ ቡናው የሐረር ነው?» አልኳት።

«አዎ፤ በጀበና አፍልቼ፣ አጥልዬ ነው ከስኳሩ ጋር የማዋህደው» አለችኝ። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ያን የፍሬ ጠረን ይዞ ይቀራል፤ በቅቤና በቸኮሌት መሐል እንኳ አልጠፋም። አልሞንዱንም ጠየቅኋት። ግማሹ አልሞንድ፣ ግማሹ የባቢሌ ለውዝ ነው አለች፤ ሳትሸሽግ። የተቆላው ለውዝ ሽታ ኬኩን አላዋረደውም፤ እንዲያውም ከቡናው ጋር ይበልጥ ተስማምቶታል። ፓሪስ የሚቀምሱት ኦፔራ ይህ አይደለም ቢባል ልክ ነው፤ እኔ ግን ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አክስቴ በመጀመሪያው ጉርሻ ፊቷን ቋጠረች። «ልጄ፣ ስኳሩ የታለ? ለዚህ ነው ይህን ያህል ብር?» ከፊቷ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ ነበር። ስኳር የጠጣ ምላስ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጣፋጭ አሳንሶ ነው የሚቀበለው። «ማኪያቶውን ተይውና ውኃ ተጎንጭተሽ እንደገና ቅመሺው» አልኳት። ቀመሰች፤ ዝም ብላ አኘከች። ከዚያ፣ «ቅቤው ቅቤ ነው። ግን ይህን ሐልዋ ብዬ አልበላውም፤ ቡና ብዬ ነው የምበላው» አለች። የእኔን ብዙ ማብራሪያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ውድ ኬክ የምበላው ከውኃ ወይም ስኳር ከሌለው ቡና ጋር ነው።

ቤት ወስዶ ለመብላት ለሚያስብ፦ ባጃጅ ላይ ከነካርቶኑ ጭን ላይ አድርጎ መሄድ ለዚህ ኬክ አይሆንም። በረዶ ያለበት ሣጥን ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም እዚያው ቁጭ ብሎ መብላት ይሻላል። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ይደውሉ። እኛ የሄድንበት ቤት ረቡዕና ዓርብ የጾም ኬክ ብቻ ስለሚያወጣ፣ በእነዚያ ቀናት ኦፔራ አይገኝም።