«ማን ያይሃል?»

ሲያትል በአስጎብኚ ቫን ላይ ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ጊዜው ቢርቅም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የዚያን ቀን መስመሬ ኒያ ቤይ ነበር፤ የዋሽንግተን ስቴት ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የማካ ሕዝብ አገር። እንግዶቹን ኬፕ ፍላተሪ የሚባለው የባሕር ገደል ለማውረድ መኪናው የነገዱ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። 20 ዶላር ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል፣ እዚያው መንደር ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። የእኛው ጊዜው አልፎበታል። ሱቁ በር ላይ አቆምኩና ለመኪናው ባለቤት ደወልኩ። የአገራችን ሰው ነው።

«ምን ያስገዛሃል? ማን ያይሃል?» አለኝ። «አውርዳቸው፣ ፎቶ ይነሱ፣ ጭነህ ውጣ።»

«ጋሼ፣ የሰው ግቢ እኮ ነው።»

«የምን ግቢ? ጫካ ነው! አንተ ሹፌር ነህ፣ ዝም ብለህ ንዳ።»

ያበገነችኝ «ጫካ ነው» ያላት ናት። ገና ከሙዚየማቸው መውጣታችን ነበር። በ1970 ማዕበል ኦዜት የሚባለውን የድሮ መንደራቸውን ዳርቻ ሸርሽሮ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ጭቃ ድንገት የቀበራቸውን ቤቶች ገለጠ። ቁፋሮው 11 ዓመት ፈጀ፤ ከሃምሳ ሺህ በላይ ዕቃ ወጣ። ማካዎቹ ቅርሱ ርቆ እንዳይሄድባቸው በ1979 እዚያው ኒያ ቤይ ሙዚየም ከፈቱ። የዓሣ ነባሪ የጀርባ ክንፍ አስመስለው ከሴዳር እንጨት የጠረቡት አንድ ሥራ አለ፤ ከሰባት መቶ በላይ የባሕር ኦተር ጥርስ አንድ በአንድ ተሰክቶበታል። መስታወቱ ፊት ቆሜ እንግዶቹን ረስቻቸው ነበር።

ዓሣ ነባሪ የሚያድኑት ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ነበር፣ ስምንት ሆነው። በጦሩ ገመድ ላይ በአየር የተነፋ የአቆስጣ ቆዳ ያስሩበታል፣ አውሬው ሲጠልቅ እንዲያደክመው። ሲሞት ደግሞ አንዱ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ዘሎ ይገባና አፉን ይሰፋዋል፤ ካልተሰፋ ውሃ ሞልቶት ይሰምጣል። ይህን የሚሠራ ሕዝብ አገር ነው «ጫካ» የተባለው።

ደግሞም የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሲዋዋሉ ሰፊ መሬት ለቀዋል፤ ባሕሩን ግን አልለቀቁም። ከአለቆቻቸው አንዱ «የምፈልገው ባሕሩን ነው፤ አገሬ እሱ ነው» ማለቱ ተመዝግቧል። ዓሣ ነባሪ የማደን መብታቸውም ውሉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። የነጋዴ መርከቦች ባሕሩን ባራቆቱ ጊዜ፣ በ1920ዎቹ፣ በራሳቸው ፈቃድ አደኑን አቆሙ፤ በ1999 እንደገና ወጥተው አንድ ገደሉ። እኛ ደጅ ቆመን «ቤቶች!» ሳንል የማንገባ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤት በጓሮ እንግባ?

«ጋሼ፣ ያለ ፈቃድ አልነዳም» አልኩት።

«እንግዲያው ከኪስህ ክፈል!» ብሎ ዘጋው።

ከኪሴ ከፈልኩ። ሱቋ ውስጥ ያለችው ሴት ፈቃዱን ሰጥታኝ፣ ጭጋግ ስላለ የእንጨት መረማመጃው ያንሸራትታል፣ እንግዶችህን አስጠንቅቅ አለችኝ። ተሳፋሪዎቼ መካከል ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ እጃቸውን ይዤ እስከ ገደሉ አፋፍ አደረስኳቸው። ታቱሽ ደሴት ከነመብራት ቤቷ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ስትል «ይህን ሁሉ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው፣ ቅድም የከፈልነውም ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውየው የኩባንያውን ማስታወቂያ ቀየረው። ከኪሴ የገዛሁት ፈቃድ መኪናው ላይ ተለጥፎ ፎቶ ተነስቷል፤ ከሥሩ «ከማካ ሕዝብ ጋር ተስማምተን፣ ባህላቸውን አክብረን እናስጎበኛለን» ይላል። የጉዞው ዋጋም ጨምሯል።

ቢሮው ሄጄ ብሬን አልጠየቅኩትም። «ጋሼ፣ ያንን ጽሑፍ አንሳው፤ ከማንም ጋር አልተስማማህም» አልኩት።

«ፈቃዱ አለን አይደል እንዴ?» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ።

አላነሳውም። በዚያው ሳምንት የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ መስመር የቀጠረኝን ሁሉ፣ ደመወዜን ከመጠየቄ በፊት የማካን ፈቃድ ማን እንደሚከፍል እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት ያጣሁት ሥራም አለ።