ቲሸርቱን ትተን ሚዛን ገዛን

ሐዋሳ ላይ ማኅበራችንን ለማስተዋወቅ ብለን የመጀመሪያውን የሐይቅ ዳር ጽዳት ስናዘጋጅ ብሩ ያለቀው ቲሸርትና ባነር ላይ ነው። ፎቶው ላይ የታየው ቲሸርት እንጂ ሐይቁ አልነበረም። አረጋውያን እንደምንረዳም ያወቀ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ጓንትና ባዶ ማዳበሪያ ገዛን። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ እስከ አሞራ ገደል ያለውን የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ መቶ መቶ ሜትር ከፋፍለን ለየክፍሉ አምስት ሰው መደብን፦ ሦስት ለቃሚ፣ አንድ ማዳበሪያ ያዥ፣ አንድ መዝጋቢ። ሥራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ከተነሳ ፌስታሉ ከማዳበሪያው አፍ በርሮ ተመልሶ ውኃ ውስጥ ነው።

ሚዛን ላይ የሚያታልለው ውኃ ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቢበዛ 20 ግራም ቢሆን ነው፤ ሁለት ጣት ውኃ ከቀረበት ግን መቶውን ያልፋል። ስለዚህ ክዳኑ ይከፈታል፣ ይደፋል፣ በእግር ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ይመዘናል። ፌስታል ደግሞ ደለሉ መራገፍ አለበት። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ከጸደቀ ወዲህ እሱን ለብቻው እንመዝናለን፤ ጋዜጠኛ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ተመዝኖ እንዳለቀ ግማሽ ገጽ ወረቀት በሲዳምኛና በአማርኛ እዚያው እናድላለን፦ ከየት እስከ የት፣ ስንት ኪሎ፣ የእኛ ስም፣ ሥራችንና ስልካችን። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል።» ኪሎው በሬዲዮ ሲነገር ስማችንም አብሮ መነገር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ትልቁ ጥፋታችን የመኪናው ነገር ነበር። ቅዳሜ የሞላነው ማዳበሪያ መኪና አስቀድመን ስላልያዝንለት እስከ ሰኞ ዳር ላይ ተቆለለ። ውሻና አባ ኮዳ ቀደዱት፤ ቆሻሻው ከነባነራችን ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ዞረ። አሁን የመኪናው ቀን ሳይረጋገጥ በጎ ፈቃደኛ አንጠራም።

ሌላው፣ ሃይላንድ ለቅሞ ሸጦ የሚያድር ሰው አለ። በነፃ ጉልበት እንጀራውን መንጠቅ ነውር ነው፤ ጠርሙሱን ለእነሱ ትተን የቀን አበል እየከፈልን አብረን እንሠራለን። ከዝናብ በኋላ የትኛው የቦይ አፍ ብዙ እንደሚተፋ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። የምንጀምረው ከዚያ ነው።